ሦስት ሰዓት ቀድመን የደረስንበት ጉባኤ

ነሐሴ 8 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለችው የእኔ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች አንድ ላፕቶፕ ከበን ተቀምጠናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ስክሪኑ ላይ ከጣሪያው የታየ የሚመስል የአዳራሽ ሥዕል አለ፤ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፣ በየጠረጴዛው ዙሪያ የሰው ፎቶ ያለባቸው ትናንሽ ክቦች ተቀምጠዋል። ውይይቱ በ9 ሰዓት ይጀመራል ብለን ነው የመጣነው። 9 ሰዓት ሆነ፣ የሚጀምር ነገር የለም። 9 ተኩል ሆነ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «እነዚህ ፈረንጆችም እንደ እኛ ያረፍዳሉ ማለት ነው?» አሉ።

ያረፈደ ሰው አልነበረም። ዊኪማኒያ በሚባለው፣ በበይነ መረብ በተካሄደው የዊኪፒዲያ ጉባኤ ላይ እኛ ነን ሦስት ሰዓት ቀድመን የደረስነው። እንዴት እንደሆነ ከመናገሬ በፊት እንዴት እንደተሰባሰብን ልንገር።

ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ስለ ጅማ ለዓመታት የጻፏቸውን ማስታወሻዎች ለማስተየብ ደብተሮቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው ወደ እኔ መጡ። ከፊሉን ከዓመታት በፊት አንድ ቦታ አስተይበውት ስለነበር ፋይሉንም በፍላሽ ይዘውልኝ መጥተዋል። ስከፍተው ግን ገጹ ሙሉ የላቲን ፊደል ቅራቅንቦ ሆኖ አገኘሁት። ግዕዝ በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት በየጽሕፈት ቤቱ የምንሠራው ማሽኑ ላይ ካልተጫነ በማይነበብ የፊደል ዓይነት ነበር። በዚያ ዘመን የተተየበው ያገር ጽሑፍ ዛሬ በየፍላሹ ውስጥ ተቀብሮ አለ። እናም እንደ አዲስ ተቀምጬ መተየብ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ይህን ስተይብ ፎቶ ኮፒዋን የምትጠብቅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከኋላዬ ቆማ ታነብ ነበር። «ይኼ ለምን ዊኪፒዲያ ላይ አይገባም?» አለች፤ ማንም ሰው ሊጽፍበት የሚችለውን የበይነ መረብ መዝገበ ዕውቀት ማለቷ ነው። ተቀምጠን ፈለግን። በጊዜው እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፍ ነበረው፤ አማርኛው 15,000 ገደማ። ጋሼ ከደብተራቸው ብዙ ገጽ የሰጡትን የጅማ በርጩማ ብንፈልገው አንድም ነገር አላገኘንም። ከዚያ በኋላ ተማሪዋ አንድ የክፍል ጓደኛዋን አመጣች፤ እኔ ደግሞ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚሠሩ ጎረቤቴን ነገርኳቸው። እትዬ እንላቸዋለን። አምስት ሆንን።

ችግራችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ነበር። ዊኪፒዲያ ዋቢ ይጠይቃል፤ የተጻፈው ነገር ከየት እንደመጣ፣ የታተመ ምንጭ አሳዩ ይላል። የጋሼ ደብተር ደግሞ ግማሹ ከአፍ የተቀዳ ነው። በርጩማው ከአንድ ግንድ ያለ ምንም መገጣጠሚያ ሦስት እግር ኖሮት እንደሚወጣ፣ ዋንዛ እንደሚመረጥ፣ እንጨቱ በየትኛው ደረጃ ላይ እንዲደርቅ እንደሚተው የነገሯቸው ጠራቢዎቹ ናቸው። መጽሐፍ የጻፈ ጠራቢ የለም።

የዊኪማኒያን ማስታወቂያ ያየው ወጣቱ ተማሪ ነው። ዊኪማኒያ የዊኪፒዲያና የእህት ፕሮጀክቶቿ በጎ ፈቃደኞች ዓመታዊ ጉባኤ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ላይ ተጀምሮ በየዓመቱ ከተማ እየቀየረ ሲካሄድ ቆይቷል፤ ከአፍሪካ እስክንድርያ በ2008፣ ኬፕታውን በ2018 አስተናግደውታል። በ2020 ባንኮክ ላይ ሊካሄድ የነበረው በኮሮና ምክንያት ቀረ። የ2021ዱ ከነሐሴ 7 እስከ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ በበይነ መረብ እንዲሆን ተወሰነ። አየር ትኬት የለም፣ ቪዛ የለም፣ የሆቴል ወጪ የለም። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኮሮና አንድ በጎ ነገር ሠራ ከተባለ ይሄው ነው።

በነጻ ነው የሚለው ቃል ግን አሳሳተን። የመግቢያው ነጻ መሆን የቀረውንም ሁሉ ነጻ አስመሰለብን። ስለዚህ ፕሮግራሙን በፕሪንተር አውጥተን ሠርግ ቤት እንደገባ ሰው ሁሉንም ቀመስን። በአምስቱ ቀናት ውስጥ የምንከታተላቸውን ብለን በእስክሪብቶ ያከበብናቸው ክፍለ ጊዜዎች 23 ነበሩ። አርብ ዕለት፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ከእነዚህ ውስጥ አራቱን ሞከርን። አንዱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልሰማንም። ቪዲዮው እየቆመ፣ ደንበኛ እየገባ፣ እትዬም «አሁን ምን አለ?» እያሉ እየጠየቁ፣ ተማሪዋም እየተረጎመች ቀጣዩን እያመለጣት አመሸን። የገዛነው የኢንተርኔት ጥቅል ማታ ላይ አለቀ። የስልኬን ቆጣሪ ሳየው የአንድ ሰዓት ቪዲዮ አንድ ጊጋባይት ያህል በልቷል።

ቅዳሜ ብልህ ሆንን። አንድ ብቻ እንምረጥ ተባለ። የተናጋሪዎች ለብዙ የማይነገሩ ቋንቋዎች ላይ የሚሠሩ ሰዎች የሚገናኙበት ክፍለ ጊዜ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ተሳታፊዎች በየጠረጴዛው እየተቀመጡ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት። ሰዓቱ 15:00 ይላል።

እዚህ ላይ ነው የወደቅነው። ፕሮግራሙ የተጻፈው ዩቲሲ በሚባለው የዓለም የጋራ ሰዓት ነው፤ የእኛ አገር ከእሱ በ3 ሰዓት ይቀድማል። በዚያ ላይ እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት እንጂ ከእኩለ ሌሊት አይደለም። ወጣቱ 15:00 የሚለውን አየና ሁላችንም የአውሮፕላን ትኬት ላይ እንደምናደርገው 6 ቀንሶ 9 ሰዓት አለ። መጀመሪያ 3 መደመር ነበረበት፤ 15 እና 3፣ 18። ከዚያ 6 ሲቀነስ 12። ምሽት 12 ሰዓት ማለት ነው። ሒሳቡ ከገባን በኋላ ነው አንድ ነገር ያስተዋልነው፤ 3 ደምሮ 6 መቀነስ ያው በቀጥታ 3 መቀነስ ነው። ቁጥሩ ከ12 ከበለጠ 12 ይጣልለታል፤ ለመቀነስ ካነሰ 12 ይጨመርለታል። 22:00 ቅዳሜ የተባለ ነገር ለእኛ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊት 7 ሰዓት ነው። ጋሼ «ይህን ያህል ዘመን ታሪክ ሳስተምር የዘመን አቆጣጠር ልዩነት አስረድቼ አልጠግብም ነበር፤ ሰዓቱ ግን አታለለኝ» ብለው ሳቁ። በወረቀት ላይ በትልቁ «3 ቀንስ» ብዬ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

ቀድሞ መድረስ ምን ይጎዳል ይባል ይሆናል። የጎዳን በዚህ መንገድ ነው። ላፕቶፑ የእኔ ነው፤ አሮጌ ነው፤ ባትሪው ቢበዛ ሁለት ሰዓት ይይዛል። በ9 ሰዓት መብራት ስለነበረ ማንም አላሰበበትም። 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በነሐሴ እንደተለመደው፣ አንድ ነጎድጓድ ወረደና መብራት ጠፋ። ሁለቱ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ዝም አሉ። ላፕቶፑን ግን «ምናልባት ይጀምር ይሆናል» እያልን፣ ብርሃኑን ሙሉ አድርገን፣ ካሜራውንም ከፍተን ባዶ አዳራሽ ስናይበት ቆየን። ስሕተቱን ያወቅነው ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ተማሪዋ ለሦስተኛ ጊዜ ፕሮግራሙን ስታነብ ነው። ባትሪው 31 በመቶ ላይ ነበር። ዘጋነው። እትዬ ከሰል አያይዘው ቡና አፈሉ። ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ተማሪው ሙስሊም ነው፤ ቆሎ ለሁሉም ይሆናል። ያች አንዲት ሰዓት በአምስቱ ቀን ውስጥ ካደረግነው ሁሉ የተሻለች ሳትሆን አትቀርም፤ ምክንያቱም በጨለማው ውስጥ ምንም የሚታይ ነገር ስላልነበረ ምን ልንጠይቅ እንደመጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጋገርን። ጋሼ ጥያቄውን በእርሳስ በአንድ መስመር ጻፉት፤ «በመጽሐፍ ያልተጻፈውን፣ ሰው በእጁ የሚያውቀውን፣ እንዴት አድርገን ዋቢ እናቆምለት?»

ምሽት 12 ሰዓት ላይ ገባን። የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ አጋራን፣ ካሜራ ዘጋን፣ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አደረግን። ንግግሮቹን በድምፅ ብቻ ሰማን፤ ድምፅ ብቻ ሲሆን ኔትወርኩ አልተቆራረጠም። ከዚያ ወደ ጠረጴዛዎቹ ሂዱ ተባለ። ተማሪዋ ሁለት ክቦች ያሉበትን ጠረጴዛ ነካች፤ የእኛም ክብ እዚያ ሄዶ ተቀመጠ። አንደኛው ሰው ብዙም ሳይቆይ ተነሥቶ ሄደ። የቀረው ከሰሜን ጋና ነበር። በዚያው ሰሞን፣ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ገደማ፣ የዳግባንኛ ዊኪፒዲያ ራሱን ችሎ ተከፍቶ ነበር፤ ልጁ በዚያ ቋንቋ የሚሠራ ነው።

ከእሱ ጋር የተነጋገርነው 11 ደቂቃ ነው። ከዚያ ባትሪው አለቀ።

ጋሼ በአማርኛ ጠየቁ፣ ተማሪዋ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ልጁ መጀመሪያ አልገባውም። ስለ ፍርድ ቤት የምንጠይቀው መስሎት ነበር። ጋሼ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ዋቢ የሚለውን በምን ቃል ነው የነገርሽው?» አሏት። ምስክር ብላ ተርጉማው ኖሯል። መጥፎ ትርጉምም አይደለም፤ ዋቢ ዱሮ ለሰው የሚቆም እንጂ ለጽሑፍ የሚቆም አልነበረም፤ ከዋስ ጋር አብሮ የሚጠራ የዳኝነት ቃል ነው። ቃሉን አስተካክላ ስትነግረው ሳቀና የእነሱም ችግር ይኸው እንደሆነ ነገረን። ከሰጠን መልስ የያዝኩትን ልጻፍ። በመጀመሪያ፣ የታተመ ነገር የለም ከማለታችሁ በፊት የቀጠነም ቢሆን ፈልጉ አለን፤ የሙዚየም መግለጫ፣ የውጭ አገር ተመራማሪ መጽሐፍ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ። ቀጥሎ፣ በጽሑፍ የማይደገፈውን መጣጥፍ ውስጥ በግድ አትክተቱ፤ ፎቶ አንሡት፣ ድምፁን ቅዱትና ሁሉም በነጻ በሚጠቀምበት በዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ በራሳችሁ ስም አስቀምጡት። የሙያውን ቃላት ደግሞ በባለሙያው አንደበት አንድ በአንድ ቅዱ፤ ለዚህ ሊንጉዋ ሊብሬ የሚባል ገጽ አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የሽማግሌዎችን ቃል በድምፅ ቀድቶ እንደ ዋቢ የመጠቀም ሙከራ ተደርጎ እንደነበርም የሰማነው ከእሱ ነው።

እትዬ ጣልቃ ገብተው «ታዲያ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» አሉ። ተማሪዋ ተረጎመችለት። የልጁን መልስ አልረሳውም። እያንዳንዱ ቋንቋ ስለ ዋቢ የሚወስነው በራሱ አርታኢዎች ስምምነት ነው፤ አዘውትረው የሚጽፉት ስንት ናችሁ? አለ። ጥቂት ነን አልነው። «እንግዲያው የምትጠይቁት ሰው የለም፤ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ» አለ። ጋሼ ቀና ብለው ተቀመጡ። ፈቃድ ሊጠይቁ መጥተው ኃላፊነት የተሰጣቸው ሰው ፊት እንዲህ ነው። ልጁ አንድ ነገር ሊጨምር ሲጀምር ስክሪኑ ጠቆረ። ስሙን እንኳን አልያዝንም።

የቀሩትን ቀናት ቸኩዬ ልለፋቸው። እሑድና ሰኞ አልገባንም። የጉባኤው ንግግሮች ተቀድተው በኋላ የሚገኙ መሆናቸውን ካወቅን ወዲህ በቀጥታ መከታተል ትርጉሙ ጠፋብን፤ መብራት ባለ ሰዓት ሁለቱን አውርደን፣ እያቆምን እየተረጎምን አየን። እትዬን የማረካቸው የዓመቱ ዊኪሚዲያን፣ ማለትም የዓመቱ ምርጥ በጎ ፈቃደኛ፣ ተብሎ የተመረጠው ፍልስጤማዊው ሐኪም ዓላእ ነጃር ነው፤ በኮሮና ወቅት በዓረብኛ ዊኪፒዲያ የሕክምና መጣጥፎች ላይ ይሠራ የነበረ ሰው። «ሆስፒታል ውሎ ማታ ቁጭ ብሎ ይጽፋል? እኔ መጽሐፍ ስደረድር ውዬ ደከመኝ እላለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሲመሽ «ደክሞኛል» ያለ ሰው በቡድናችን ውስጥ ሐኪሙ ይጠራበታል።

ከጉባኤው በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። ጋሼ የታተመ ነገር ፍለጋ ወጡ። ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥትና በከተማው ያለው ሙዚየም መነሻ ሆኑላቸው። አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙ ናቸው፤ ከዘመናቸው የተረፉ ዕቃዎች በሙዚየሙ ይታያሉ። እትዬ ደግሞ አንድ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ስለዚሁ መንግሥት በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መጽሐፍ ከአንድ መደርደሪያ ጥግ አገኙ። ከእነዚህ የተውጣጣው መጣጥፍ አጭር ነው፤ ከጋሼ ደብተር አንድ አሥረኛው እንኳን አልገባም። ጋሼ ተናደው ነበር። እኔ ግን የቀረው አሥር እጅ ስለ ቀረ የገባው አንድ እጅ የቆመ ይመስለኛል።

ቀሪውን ፍለጋ ሁለቱ ተማሪዎችና እኔ ወደ አንድ ሽማግሌ ጠራቢ ሄድን። አባባ ግንዱን በፋስ ቅርጽ ካስያዙ በኋላ በመሮ ሆዱን እየፈለፈሉ እግሮቹን ከውስጥ ያወጧቸዋል፤ እግር አይተከልም፣ ያልተፈለገው እንጨት ይነሣል እንጂ። በየመሐሉ እያቆሙ በመዳፋቸው ይደባብሱታል። ለምን ብለን ስንጠይቅ መልሳቸው በኦሮምኛ ነበር፤ ተማሪዋ እስክትተረጉም እኔ የገባኝ እጃቸው ነው። እዚያ ላይ አንድ ያላሰብነው ነገር መጣ። የሙያው ቃላት ሁሉ የኦሮምኛ ናቸው፤ በርጩማ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የገባ ነው። «በአማርኛ ዊኪፒዲያ ላይ እንጻፍ» ብለን የተነሣን ሰዎች ድምፁን ስንቀዳ ልናስቀምጠው የሚገባው በኦሮምኛ ስም ሆነ። ተማሪዋ ቀረጻውን እንደዚያው አስገባችው፤ የኦሮምኛውንም መጣጥፍ እሷ ያዘችው። ይህን ጉባኤው አላስተማረንም፤ ጉባኤው የላከን ቦታ ነው ያስተማረን።

ያበላሸነውም አለ። 11 ፎቶ ጫንን፤ ሁለቱ በሳምንቱ ተሰረዙ። ወጣቱ ከማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አውርዶ የጨመራቸው ነበሩ። «ኢንተርኔት ላይ ያለ ነገር እኮ ነው» አለ። አዎ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ፣ የሌላ ሰው ነገር። ነጻ ዕውቀት ማለት ባለቤቱ ፈቅዶ የለቀቀው ማለት እንጂ በር ያልተዘጋበት ማለት አይደለም፤ ፈቃዱ ደግሞ ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው ስምምነት ተለይቶ ይጻፋል። ልጁ ተቀየመና ሁለት ሳምንት ጠፋ። ከዚያ ራሱ ካሜራ ይዞ ሄዶ አዲስ ሁለት አንሥቶ መጣ፤ ከተሰረዙት ይበልጣሉ።

በጥቅምት ሌሎችን ለማሠልጠን ስምንት ሰው ሱቄ ውስጥ ሰበሰብን። ስድስቱ ተመዘገቡ። ሰባተኛዋ አልቻለችም፤ ስምንተኛውም እንዲሁ። ኮምፒውተሬ ተበላሸ ብዬ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት። ለካ ዊኪፒዲያ ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ6 በላይ አዲስ መለያ እንዲከፈት አይፈቅድም። ሥልጠና ለሚያስብ ቡድን ይህን በግልጽ ልናገር፤ ሰዎቹ ከቤታቸው፣ በየስልካቸው ተመዝግበው ይምጡ።

ከአምስታችን ዛሬም አዘውትረን የምንጽፈው ሦስት ነን። ወጣቱ ተመርቆ ሌላ ከተማ ሄደ፤ እትዬ ዓይናቸው አላስቻላቸውም። ከዚያ ወዲህ ሌሎች የበይነ መረብ ስብሰባዎች ገብተናል። ፕሮግራሙን ሁሉ ማክበብ ትተናል። ጥያቄውን በአንድ መስመር ጽፈን፣ ጠረጴዛ ያለበትን አንድ ክፍለ ጊዜ መርጠን፣ ባትሪ ሞልተን፣ ካሜራ ዘግተን እንገባለን፤ የቀረውን ከተቀዳው እናያለን። በ2025 እ.ኤ.አ. ዊኪማኒያ ናይሮቢ ድረስ ቀርቦ ነበር። ከእኛ የሄደ የለም፤ በስክሪን ገባን፤ በሰዓቱ።

«3 ቀንስ» የሚለው ወረቀት እስካሁን ግድግዳው ላይ አለ። ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ ፎቶ ኮፒውን ተቀብሎ ሒሳቡን ስነግረው ወደ ግድግዳው ጠቆመና ቆመ። ምን ፈልገህ ነው ስለው «ተጽፏል እኮ፣ ሦስት ብር ቀንሺ» አለኝ። ቀነስኩለት።